በመስቀል ሰሞን የለቀቅነው ዜማ

መስከረም 4 ቀን 2010 ዓ.ም.

ማዕዶት ከሐዋሳ ደወለችና «እማዬ፣ የአባዬን ነገር በየቀኑ ጻፊልኝ። ምን እንደበላ፣ እንዴት እንዳደረ፣ ምን እንደረሳ። ሐኪሙ ይፈልገዋል» አለችኝ። ልጅ ነርስ ስትሆን እናቷን ማዘዝ ትጀምራለች። እሺ አልኳት። እንግዲህ ይኸው፦ በላ፤ ተኛ፤ ምንም አልረሳም።

ከዚህ ሌላ የምጽፈው አለኝ። ዛሬ ጠዋት አንድ ዘፈን ቀረጽን። ሳሎናችን ያስተጋባል፤ ስለዚህ ኦርጋኑን መኝታ ቤት አስገብተን መስኮቱ ላይ ሁለት ጋቢ ሰቅለናል። ስልኩን የስኳር ቆርቆሮ ላይ አስደግፈዋለሁ፤ ከስልኩ ኋላ ቆሜ ለባሌ ግጥሙን ከፍ አድርጌ እይዝለታለሁ። የምጽፈው ባረጀ የግድግዳ ካላንደር ጀርባ ላይ ነው፣ ፊደሉን ጡጫ አሳክዬ። ዓይኑ ደክሟል። መነጽር አለው፣ ግን መነጽርም አቅም አለው። የጎረቤት አውራ ዶሮ ሲጮህ ከገባበት አንደግመውም፤ ሰዎቹ ዶሮውንም ወደውታል።

ሰዎቹ የምላቸው ስልክ ውስጥ ያሉትን ነው። ታች ሲቀላ ሰፈር የስልክ ሱቅ ያለው በርናባስ ገጽ ከፍቶልን «የአለምሰገድ የቤት ዴሞ» ብሎ ሰይሞታል። ዴሞ ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው፣ «ሙሽራዋ ሳትኳል ማለት ነው እትዬ፤ ስቱዲዮ ያልገባ ዘፈን» አለኝ።

እኛ ስቱዲዮ ገብተን አናውቅም። በክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድን ስንዞር ዜማውን ጓደኛችን ኤርጫፎ ያወጣ ነበር፣ ባሌ ይዘፍናል፣ እኔ ከኋላ እቀበላለሁ። ቡድኑ ሲበተን ኤርጫፎ ካምባ ወዳለው እርሻው ተመለሰ፤ ካረፈም ቆየ። እኔና አለምሰገድ መንግሥት ቤት ገባን፣ ጡረታ ወጣን። አሁን በስተርጅና ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ውስጥ የቆመ የሳውላ ልጅ «ሌላ ልቀቁልን» ብሎ ይጽፍልናል። አንዷ ደግሞ «ከኋላ የምትቀበለዋ ማን ናት? ድምፅዋ አጥንት ይገባል» ብላለች። እሷን ደግሜ አነበብኳት።

መስከረም 7

ተበላሸ። አዝማቹን እየደጋገመ ወደ ሁለተኛው ቤት አልሄድ አለ። ካላንደሩን አስጠጋሁለት። «ሸዋ፣ ይሄ የማን ጽሕፈት ነው?» አለኝ። ሙቀቱ ነው። ዝናቡ ሊመጣ ሲል አርባ ምንጭ ሰው ታደክማለች።

እንዳለ ለቀቅነው። «አንጋፋው አዲስ ስልት አመጣ፤ መደጋገሙ ልብ ይሰርቃል» ተባለ። ሳቅሁ። እሱም ስስቅ አይቶ ሳቀ።

መስከረም 12

ዛሬ የሆነውን ለመጻፍ ቸኩያለሁ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ዋለ፤ ጋብ ሲል መብራት ሄደ። ኦርጋኑ ሞቷል፣ እሱ ግን ፊቱ ተቀምጦ ቁልፎቹን ይነካካል። ላነሣው ስሄድ መዝፈን ጀመረ።

ያለ ካላንደር። ያለ እኔ። በጋሞኛ፣ ከላይ እስከ ታች፣ አንዲት ቃል ሳትጠፋው። ዓይኑን ጨፍኗል። ዜማው ዝቅ ብሎ ይጀምርና ቀስ እያለ ይወጣል፤ ጫፍ ሲደርስ ይሰበራል። ድምፁ እንዲህ ሆኖ ከሰማሁት ስንት ዘመኔ! ስልኬን አንሥቼ ቀረጽኩት። ባሌ ይኸው፣ አልጠፋም። ማዕዶት ይህን በሰማች።

እኔ የተወለድኩት እዚሁ ሰፈራችን ሴቻ ቢሆንም አባቴ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ነበር። ጋሞኛዬ የገበያ ነው፤ ሙዙ ስንት ነው፣ ቀንሺልኝ፣ ከዚያ አያልፍም። ከዘፈኑ የገባኝ «ና ልጄ» የሚለው፣ ከዚያም ውሃና ጀልባ ናቸው። መስቀል ደግሞ ደርሷል። ጋሞ ለመስቀል ቤቱ የማይጠራው ልጅ የለም፤ ከየትም ይሁን ከየት ይመጣል። ለመስቀል ና የሚል የጥሪ ዘፈን መሆን አለበት። ኤርጫፎ ሠርቶለት መድረክ ሳይወጣ የቀረ ይሆናል። አለምሰገድን ብጠይቀው «የምን ዘፈን?» አለኝ።

መጨረሻው ላይ ብቻ ቃሉን ጨርሶ ማንጎራጎር ያዘ። አፉን ዘግቶ፣ በሩን በሩን እያየ፣ ማቆሚያ የለውም። በርናባስ ሰው ረጅም ነገር አያይም ይላል። እሷን አስቆርጣታለሁ።

መስከረም 14

ተለቀቀ። «ና ልጄ፣ የመስቀል ስጦታ» ብለን። በርናባስ ከሱቁ ደውሎ «እትዬ፣ ስልኬ ጋለ!» አለኝ።

መስከረም 17

መስቀል። ባጃጁ ሁሉ የኛን ዘፈን ይዞ ይዞራል። አንዱ የማናውቀው ሰው የጭፈራ ምት ገጥሞበታል፤ ሲቀላ ላይ ወጣቱ በእሱ ሲጨፍር በርናባስ በቪዲዮ አሳየኝ። እኛን ጠርተው አያውቁም እንጂ እንዲህ ያለ ሕዝብ መድረክ ላይም አላየንም።

የታክሲ ተራው ጋ አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ባጃጅ አስቁመው ነጂውን «አጥፋው!» ሲሉት ሰማሁ። ሽማግሌ ነገር ዘፈን አይወድም።

አለምሰገድ የቅርጫውን ሥጋ አልቀመሰም። ሰሞኑን ደጃፉ ላይ መሬት መቀመጥ ይወዳል፣ ጋቢውን ተከናንቦ። ጎረቤታችን ዓለምጸሐይ «ዮ መስቀላ!» እያለች በደስታ ስትገባ አየችውና ድምፅዋን ቀነሰች። «ምነው ጋሼ መሬት?» አለች። ቀዝቀዝ ስለሚል ነው አልኳት።

መስከረም 21

ሰዎቹ ጥርት ያለ ቅጂ ፈልገዋል። የመጀመሪያው ላይ የዝናብ ድምፅ ገብቶበታል፣ ፊቱም አይታይም። ትክክል ናቸው።

ኦርጋኑ ፊት አስቀምጬ «በል የዚያን ቀኑን» ብለው ዝም። ዜማውን አንጎራጎርኩለት፣ ዝም። በመጨረሻ እንደ ድሮው ከኋላው ቆሜ የመጀመሪያዋን ቃል ጠራሁለት፣ በጋሞኛ፦ «ና ልጄ»። ያኔ ከሆነ ቦታ ተመልሶ እንደመጣ ሰው ትከሻው ቀና አለና ያዘው። እኔ ቃል ሳወጣ እሱ ሲከተለኝ በዕድሜዬ የመጀመሪያው ነው።

እያለቀሰ ነው የዘፈነው። ሲጨርስ ያችኑ ማንጎራጎር ያዘና አቋርጦ «ልጁን አገኙት?» አለኝ።

የትኛውን ልጅ አላልኩትም። ስልኩ እየቀረጸ ነበር።

መስከረም 22

ዛሬም ቀረጽን። ብርሃኑ ይሻላል። አለቀሰ።

መስከረም 24

ዛሬም። ድምፁ ዛሬ ነበር ድምፅ። ምሳ አልበላም። ጠዋት ስነሣ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አላፊውን ሁሉ ስለ ጀልባዎቹ ይጠይቃል። ለማዕዶት «ደህና ነው፣ እየዘፈነ ነው» ብዬ ጻፍኩላት። ውሸት የለበትም።

መስከረም 28

በርናባስ ዛሬ ሱቁን ዘግቶ ቤታችን ድረስ መጣ። ፊቱ ጥሩ አልነበረም። ከካምባ የመጣ ነጋዴ ሱቁ ገብቶ ዘፈኑን ሰማና «ይሄን ማን ነው ያወጣው?» ብሎ ጮኸበት አለኝ።

«ምን ይላል?»

«ዘፈን አይደለም ይላል፣ እትዬ። ሙሾ ነው። ኤርጫፎ ለልጁ ያወጣው ሙሾ።»

ሳምሶን። የኤርጫፎ የበኩር ልጅ። ጫሞ ላይ ከዓሣ አጥማጆች ጋር ወጥቶ ጀልባዋ የተገለበጠች። እናቱም አባቱም ሐይቁ ዳር ተቀምጠው ሲጠብቁ ነበር አሉ፣ ሬሳው ግን አልተገኘም። አለምሰገድ ሄዶ ከኤርጫፎ ጎን ሰነበተ። እኔ አልሄድኩም። ማዕዶትን ወልጄ አራስ ቤት ነበርኩ፣ አራስ ደግሞ ለቅሶ አይወጣም። ሙሾውን ሰምቼው አላውቅም። ይህ እውነት ነው፣ በማንም ፊት እምልበታለሁ።

«ልጁን አገኙት?» ያለኝን ግን ሰምቻለሁ። ያንን ማንም አላወቀብኝም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

በርናባስን አሁኑኑ አጥፋው አልኩት። ዳታ የለም፤ ከትናንት ጀምሮ ተቋርጧል። ቢኖርም፣ አለኝ አንገቱን ደፍቶ፣ የኛን እናጠፋለን፤ የሌላውን ስልክ እንዴት እናደርጋለን? ከአፍ የወጣ አፋፍ።

ጥቅምት 4

መጡ።

የኤርጫፎ ሚስት አገኘሽና ሁለት ሽማግሌዎች። ሽማግሌዎቹ እጃቸው ላይ እርጥብ ሣር ይዘዋል። ይህን ሣር ያየ የዚህ አገር ሰው ነገሩ የጠብ ሳይሆን የዕርቅ እንደሆነ ያውቃል። ግቡ ብል አልገቡም። ውሃ ባቀርብ አልጠጡም። ነገሩ ሳይነገር አይጠጣም።

«ሸዋነሽ አንቺ ነሽ?» አለች አገኘሽ። ድሮ ጠይም፣ ረጅም፣ ሳቂታ ነበረች። አሁን አጥንቷ ቀርቷል።

«እኔ ነኝ፣ እህቴ።»

«እሱ ዘፈን አይደለም። እሱ የልጄ ለቅሶ ነው። ካምባ ጠጅ ቤት ሰዉ በእሱ ይጨፍራል። እኛ በመስቀል ሰው ቢሞት እንኳ አናለቅስም፤ ዝም ብለን እንቀብራለን፣ ለቅሶው ከመስቀል በኋላ ነው። አንቺ በመስቀል የሞተ ልጄን አውጥተሽ አስጨፈርሽ።»

አላወቅሁም አልኩ። የመስቀል ጥሪ መስሎኝ ነው አልኩ። ጋሞኛዬ ትንሽ ነው አልኩ። እሷ ሁሉንም ሰማችና «እሺ፣ አላወቅሽም። መጨረሻውንስ ለምን ቆረጥሽ?» አለችኝ።

«ማንጎራጎሩን ነው? ረዘመ ብለው...»

«ረዘመ!» ወደ ሽማግሌዎቹ ዞራ በጋሞኛ ነገረቻቸው። አንደኛው ራሳቸውን ነቀነቁ። «በኛ ቤት ለቅሶ ይከፈታል፣ ለቅሶ ይዘጋል» አለች ወደ እኔ ተመልሳ። «የሚያወጣው ወንዱ ነው። ቃሉን ሲጨርስ ያንጎራጉራል፤ ባለ ሀዘኗን እየጠበቀ። እናትየዋ ትመልስለታለች፣ ሰዉን ወደ ቤት ትሸኛለች። ያኔ ሁሉም ይነሣል። እናት ካልመለሰች ለቅሶው አላለቀም፣ ሰዉ እንደተቀመጠ ነው። አለምሰገድ እኔን እየጠበቀ ነው ያንጎራጎረ። አንቺ ቆረጥሽ።»

በዚህ መሐል አለምሰገድ ከጓዳ ወጣ። ከትናንት በስቲያ በርናባስን «ይህ ሰው ማን ነው?» ያለ ባሌ፣ አገኘሽን ከሩቅ አወቃት። ሮጠ። ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። ፊቷ መሬት ላይ ተቀመጠና ሁለት እጇን ያዘ።

«አገኘሽ፣ ጀልባዎቹ ተመለሱ? ልጁን አገኙት?»

አገኘሽ ቀና ብላ አየችኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ደክሞት ነው» አልኩ።

«ደክሞታል ወይ አላልኩሽም። ከመቼ ጀምሮ ነው እዚያ ያለው?»

እሷ ወደ እሱ ጎንበስ አለችና በሚያባብል ድምፅ «ገና ነው፣ አለምሰገድ። እየፈለጉ ነው» አለችው። ያን ጊዜ ሐይቁ ዳር ለእሷ ይሏት የነበረው ይህ እንደሆነ ገባኝ። ከዚያ አለቀሰች፤ በቁጣ የመጣችው ሴትዮ የኔን ባል ራስ ደረቷ ላይ ይዛ አለቀሰች። እኔ እበራፉ ላይ የውሃውን ጆግ እንደያዝኩ ቀረሁ።

ሽማግሌዎቹ የጠየቁት ካሳ የለም። የተሰራጨውን መልሱ አላሉም፤ እንደማይመለስ ያውቃሉ። ሐይቁ ዳር ወርደን፣ እሱ አውጥቶት፣ አገኘሽ ትዝጋው ነው ያሉት። ለሳምሶንም፣ ለእሱም። «ይህ ሰው በየጠዋቱ ልቅሶ ይቀመጣል እንዴ?» አሉኝ ትልቁ። አዎ አልኳቸው። «ታዲያ ማን ነው በየጠዋቱ የሚያስጀምረው?»

ሙቀቱ ነው የሚለው መልስ ምላሴ ላይ ነበር።

ጥቅምት 7

አገኘሽ እዚሁ አቅራቢያ ላንቴ፣ ዘመዷ ቤት አርፋለች፤ እሑድ... አይ፣ የፊታችን ቅዳሜ ብለናል። እኔም ነገር መርሳት ጀመርኩ።

ማንም የማይሰማኝን እዚህ ልጻፍ። አልፈልግም። እንዲዘጋ አልፈልግም። የሠርጋችንን ዘፈን ረስቶታል፤ ሰኞ ዘፈንኩለት፣ «ጥሩ ናት፣ የማን ናት?» አለኝ። የማዕዶትን ስም ረስቶ «ያቺ ሐዋሳ ያለችው» ይላታል። የቀረው ይህ ሙሾ ብቻ ነው። ከጠራሁት ይመጣል፣ ሙሉ ሰው ሆኖ፣ በሙሉ ድምፁ። ከዘጉት በምን ልጥራው? አገኘሽ ልጇን አጥታለች፤ እኔስ? እያለቀሰም ቢሆን ይምጣልኝ ብል ክፉ ሴት ነኝ?

ነኝ መሰለኝ። ዛሬም ጠርቼዋለሁ። ለገጹ አይደለም፣ ለራሴ ብቻ፣ የመጨረሻ ብዬ። ጥሩ አልወጣም። ደግሜ ጠራሁት። ከዚያም ደገምኩት። በሦስተኛው ደረቱን መታ፣ «ዛሬ ደግሞ ሞተ? ዛሬ ነው የሞተው?» እያለ። ስልኩን አጥፍቼ እግሩ ሥር ተቀመጥኩ። ይቅርታ አልኩት። ምን እንዳጠፋሁ ስለማያውቅ ይቅር አለኝ። እንዲህ ዓይነት ይቅርታ ምን ያደርግልኛል?

ጥቅምት 11

ጫሞ ወረድን። በርናባስ የዓሣ መጫኛ ፒክአፕ ለምኖ ወሰደን። ጀልባዎች ገብተው ዓሣው ይበለታል፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ያንን ረጅም አንገታቸውን ይዘው የሚጣልላቸውን ይጠብቃሉ። አጥማጆቹ ሽማግሌዎቹንና ሣሩን ሲያዩ ቢላቸውን አስቀምጠው ኮፍያቸውን አወለቁ። ማንም አላዘዛቸውም።

መሬት ተቀመጥን። ሽማግሌው ሣሩን በመካከላችን አኖሩ። ጥፋቱ በአጥፊው አፍ መነገር አለበት። አለምሰገድ ውሃውን ያያል፤ ሊናገር የሚችል የለም። እኔ ተናገርኩ። አላወቅሁም ያልኩት እስከ መስከረም 21 ድረስ ብቻ ነው አልኩ። ከዚያ ወዲያ ልጁን አገኙት እያለኝ ሰምቼ አስለቅሼዋለሁ፤ ድምፁ ስለሚያምር። ማክሰኞ ዕለትም፣ ከዚያም በፊት። በርናባስ ፊቱን አዞረ። አገኘሽ «አንቺ ጥሪው። የለመደው ያንቺን ጥሪ ነው» አለችኝ።

ሁሉም ጠበቀኝ። ዝም ብል ማን ያስገድደኛል? አልጠራም ብል ሙሾው ከእኔ ጋር ወደ ቤት ይመለሳል፣ ነገ ጠዋት ኦርጋኑ ፊት ይኖራል። እሱን አየሁት። ጉንጩ ገብቷል፤ ምግብ ከተወ ሰንብቷል። አንድ ሰው ስንት ጊዜ ያንኑ ልጅ ይቀብራል?

ጠራሁት። «ና ልጄ።»

ትከሻው ቀና አለ። እንደዛሬ አድርጎ ዘፍኖት አያውቅም። ስልኩ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ አላወጣሁትም። ይህን የምጽፈው እንዲመሰገንልኝ አይደለም። እጄ ቦርሳውን ሁለቴ ነክቶት ተመልሷል።

ቃሉን ጨረሰ። ማንጎራጎር ያዘ፣ አፉን ዘግቶ፣ ዙሪያውን እየፈለገ። አገኘሽ መለሰችለት። ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ የተበጣጠሰ፣ ዘፋኝ አይደለችም። በኋላ ለእኔ እንደተረጎመችልኝ እንዲህ ነው ያለችው፦ ሳምሶን፣ ውሃው ቤትህ ይሁን፤ አልጠራህም። ጎረቤቶቼ፣ ተነሡ፤ ከብቱ ደጅ ነው፣ ልጆች ርቧቸዋል፣ እሳቱም ጠፍቷል። ግቡ። እኔም እገባለሁ።

ማንጎራጎሩ ቆመ። አለምሰገድ በረጅሙ ተነፈሰና ተነሣ። የሱሪውን አሸዋ አራገፈ። አገኘሽን እጇን ይዞ አስነሣት፣ «እግዜር ያጽናሽ» አላት፣ በደንብ፣ ልክ እንደ ሰው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ ውስጥ ነበርኩ።

«ሸዋ! አራስ ሆነሽ እዚህ ድረስ ምን አመጣሽ? ማዕዶትን ለማን ትተሻት?»

«ጎረቤት ይዛታለች» አልኩት።

«በይ እንግባ። ልጅቷ ይርባታል።»

ገባን። አገኘሽ ቤታችን ውሃ ጠጣች።

ጥቅምት 12

ደጃፉ ላይ አልተቀመጠም። ስለ ጀልባ አልጠየቀም። ቁርሱን ጨርሶ በላ።

ኦርጋኑ ፊት አስቀመጥኩት፣ ልማድ ሆኖብኝ። አንዱን ቁልፍ ነካው፣ ድምፅ ሲያወጣ ደንግጦ እጁን ሰበሰበ።

ጥቅምት 13

አልጠራሁትም።

ጥቅምት 25

ጠራሁት። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቀስ ብዬ። «ና ልጄ።» የጠራሁት ሌላ ሰው መስሎት ዞሮ ኋላውን አየ።

ይበላል፣ ይተኛል፣ ጥሩ ሰውነት አወጣ። ዓለምጸሐይ «ጋሼ አማረበት፣ ተመስገን» አለችኝ። ተመስገን አልኩ።

ኅዳር 6

ማዕዶት መጥታ ሦስት ቀን ሰንብታ ተመለሰች። ሐኪሙ የሚለውን ነገረችኝ፤ ስሙን የምፈራውን ነገር በስሙ ጠራችው። «እማዬ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ደህና ነው ስትይኝ...» አለችና ተወችው። እኔም አልጨረስኩላትም። ስትሄድ አባቷ ቆሞ፣ ጨዋ ሰው እንግዳ እንደሚሸኝ ሸኛት፣ «ለቤተሰብ ሰላም በይ» ብሎ።

ዳታው ከተመለሰ ሰንብቷል። በርናባስ የኛን አጥፍቷል። የሌሎቹ አለ። ሰዎቹ «አንጋፋው የት ጠፋ? አዲስ ዴሞ መቼ ነው?» ይላሉ። «ተቀባይዋስ?» ያለችም አለች። ስልኩን ዘጋሁት።

ኅዳር 21

ጽዮን ማርያም። ቤተ ክርስቲያን ተሳልመን ሴቻ ዳገቱን ስንወጣ አንድ ባጃጅ ጎናችን ቆመ። ነጂው ያችኑ ዜማ ከፍቷታል፣ የመጀመሪያዋን፣ ዝናብ ያለባትን፣ ጭፈራ ያልተገጠመባትን። አጥፋው ልል አፌን ስከፍት አለምሰገድ ክንዴን ያዘኝ።

እስከ መጨረሻው ሰማው። መጨረሻው የተቆረጠበት ጋ ሲደርስ ቀና ብሎ ጠበቀ። ምንም አልመጣም።

«ጎበዝ ነው ይህ ሰው» አለኝ። «ማን ነው?»

«የዚሁ የሴቻ ሰው ነው» አልኩት።

«ሀዘን አለበት እኮ። ሰምተሽዋል? ማንም አልመለሰለትም።» ባጃጁ ሄደ። እሱ ከቆመበት አልተነቃነቀም። «እንዲህ ያለ ሰው አገር ውስጥ ተቀምጦ እኛ ዝም ማለታችን ነውር ነው። ቤቱን ታውቂዋለሽ?»

«አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ሄደን እናስተዛዝነው እንጂ።»

ነጠላዬን ከትከሻዬ አወረድኩ፤ ጥለቱን አዙሬ ለልቅሶ እንደሚለበሰው ለበስኩት። ክንዱን ያዝኩና ይዤው ወደ ቤታችን ሄድኩ።